ሽቦና ሙጫ እስከ ጋራዥ ብቻ፦ በራዲያተርና በሞተር ማቀዝቀዣ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስትወጡ፣ ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ መኪኖች አታጡም። ሾፌሩ ጀሪካን ይዟል፣ ረዳቱ ሽቦና ላስቲክ ይፈልጋል። እዚያ ቦታ ላይ ሽቦና ላስቲክ ነውር የለበትም። ሰውም መኪናውም ከበረሃ መውጣት አለባቸው። የሚያሳስበኝ ያው ሽቦ ከወራት በኋላም እዚያው መገኘቱ ነው። ክዳን፣ ቱቦና ተርሞስታት ከቴስታታ (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥራ ጋር ሲተያዩ ዋጋቸው ትንሽ ነው። እነሱን ለማትረፍ ተብሎ ስንት ሞተር ወርዷል።

ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው። "እኛ አገር በረዶ የለ፣ ምን ያደርጋል?" ይባልና ይወጣል። ተርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል። ብዙዎቹ 82 ወይም 88 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራሉ። ቁጥሩ ራሱ ላይ ታትሟል። ይህ ዕቃ የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ጠዋት ብዙ መንገድ የሚሄደው ቀዝቅዞ ነው። ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ያልቃል።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በብዙ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሲከፈት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚዞርበትን አጭር መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት ያ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከፊሉ ትኩስ ውሃ ሳይበርድ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። እንዳይሞቅ ተብሎ የተነካ መኪና ዳገት ላይ ጭራሽ ይብስበታል።

ጥርጣሬ ካላችሁ ፈትታችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ክተቱትና አሙቁት። ካልተከፈተ በአዲስ ለውጡት። አዲስ አበባ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ግን አትጠብቁ። ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ክዳኑን መናቅ

ይህ የ92 ዲግሪ ነገር ለደጋ አገር ሾፌር ትልቅ ጉዳይ ነው። የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፣ ግፊቱም የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። ደህና ክዳን ያለው መኪና አዲስ አበባ ላይ ከ110 ዲግሪ በፊት አያፈላም። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የሞተ ክዳን ካለው ግን 92 ላይ ያፈላል። ተርሞስታቱ 88 ላይ የሚከፈት ከሆነ የቀራችሁ አራት ዲግሪ ነው። ከፍ ያለው ጣርማበር ዳገት ላይ ያቺም ታልቃለች።

ክዳን ጠፍቶ በጨርቅና በላስቲክ የተቋጠረ ራዲያተር አይቼ አውቃለሁ። ማፍላቱን ያቆማል ብለው ከተጻፈው በላይ ግፊት የሚይዝ ክዳን የሚገዙም አሉ። ያኔ ወይ ቱቦው ይፈነዳል ወይ ራዲያተሩ ይሰነጠቃል። የራሱን ቁጥር ብቻ ግዙ።

ደግሞ እባካችሁ፣ በጋለ ሞተር ላይ ክዳን አትክፈቱ። ታፍኖ የቆየው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ሆናችሁ ጫን በሉት። ጠንክሮ ከተነፋ ገና ነው፣ ቆዩ። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ውስጥ አይጨመርም፤ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ፕላስቲኩን በሙጫ መለጠፍ

እዚህ ላይ ለባለሙያዎቻችን ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። የድሮዎቹ ራዲያተሮች፣ የነቶዮታ ዲኤክስ ዓይነቶቹ፣ መዳብና ነሐስ ነበሩ። እነዚያን ማጽዳትና መበየድ እውነተኛ ጥገና ነው። በጥሩ እጅ የተበየደ ራዲያተር ዓመታት ያገለግላል። በቪትዝ ዘመን ግን መሃሉ አሉሚኒየም፣ ላይና ታቹ ወይም ግራና ቀኙ ፕላስቲክ ሆነ። ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሙጫው ሲቀዘቅዝ የያዘ ይመስላል፣ ሲሞቅና ግፊት ሲመጣ ይላቀቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚላቀቀው ከከተማ ርቃችሁ ነው፤ ሞተሩ ጠንክሮ የሚሠራው እዚያ ነዋ። ይህኛው ይለወጣል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቱቦ መግቢያውን ስፋትና የመሃሉን ውፍረት ጎን ለጎን አስተያዩ። ያገለገለ ከሆነ ውሃ ሞልታችሁ ፈትሹ።

እንቁላልና ዱቄት

ራዲያተር ውስጥ እንቁላል መስበር የቆየ ዘዴ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህለውን ለጊዜው ይደፍናል። ነገር ግን የሚደፈነውን አይመርጥም። ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቧንቧዎችም ይዘጋል። ከሱቅ የሚገዛው ማፍሰስ ማቆሚያ ዱቄትም ሲበዛ እንዲሁ ነው። ከተማ ስትደርሱ ወዲያው ይታጠብ።

ቱቦን በሽቦ ማሰር

ቱቦው የተሰነጠቀው ጫፉ ላይ ከሆነና ርዝመት ካለው፣ የተሰነጠቀውን ቆርጣችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ጥሩ ጥገና ነው። መሃሉ ላይ ከሆነ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን አላልታችሁ ግፊቱን ቀንሱና ቀስ ብላችሁ እስከ ቅርብ ጋራዥ ሂዱ። ሽቦ ግን ጎማውን እየበላ ይገባል፣ ስለዚህ እንደደረሳችሁ በትክክለኛ ማሰሪያ ይተካ። አንዱ ቱቦ ከፈነዳ ሌሎቹም እኩዮቹ ናቸው። አብራችሁ ለውጧቸው።

ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ

መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ውሃ ጨምሩ፣ ሌላ ምን ይደረጋል። ቋሚ ሲሆን ግን ዝገትና ነጭ ቅርፊት ያመጣል፣ የፓምፑንም ማኅተም ይበላል። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እኛ አገር የሚፈለገው ለበረዶ ሳይሆን ይህን ለመከላከል ነው። ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉት። ስታፈሱት መሬት ላይ አትተዉት። ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ልጅም ውሻም ይገድላል።

ቬንትሌተርን በቀጥታ ማገናኘት

የሚያስነሳው ሴንሰር ወይም ሪሌ ሲሞት ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ከባትሪ ጋር በቀጥታ ገመድ ማገናኘት ለአንድ ቀን ይሆናል፣ እሱም ፊውዝ ካለው። ያለ ፊውዝ የተጎተተ ገመድ እሳት ያስነሳል።

የፓምፑን ቀዳዳ መድፈን

የውሃ ፓምፕ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ማኅተሙ ሲያልቅ በእሷ ያንጠባጥባል። ከደፈናችሁት ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባል፣ ከዚያ ፓምፑ ነክሶ ይቆማል። ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቀበቶ ከሆነ መዘዙ ለመላ ሞተሩ ይተርፋል። ፓምፑ ይለወጥ።

የታሰረውን ሳይናገሩ ቁልፍ ማስረከብ

ሚኒባስ ላይ ጠዋት አንድ ሾፌር፣ ማታ ሌላ ነው። ባለንብረቱ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ያሰረው ሰው ካልተናገረ ቀጣዩ መቶ ኪሎ ሜትር ረግጦ ይነዳል። ሙቀት መለኪያውን ያየው ቀስቱ ቀዩ ላይ ሲደርስ ነው። ውሃው ጨርሶ ካለቀ ደግሞ መለኪያው ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ የታሰረውን ነገርና ቀኑን በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። ቁልፉን ስታስረክቡ ጀሪካኑንም ሞልታችሁ አስረክቡ። ለባለንብረቱም በዚያው ቀን ደውሉለት።