የአየር ማስገቢያ ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች፦ የፎርድ ላይትኒንግ ባለቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ

ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 ያመረተው ኤፍ-150 ላይትኒንግ ፒክአፕ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ፈላጊው ብዙ ነው። ባለ 5.4 ሊትር ቪ8 ሞተሩ ሱፐርቻርጀር (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ተጭኖበት መጀመሪያ 360፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ 380 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። (እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ስም የወጣው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አየር የሚስብ ሞተር ስለሌለው ባለቤቱ ይህን ጽሑፍ ቢያልፈው አይጎዳም።) ላይትኒንግ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀይረው የአየር ማስገቢያውን ነው። ዋጋው ከሌሎች ማሻሻያዎች ቀለል ይላል፤ በካቻቢቴና በመፍቻ ብቻ ቤት ውስጥ ይገጠማል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ግን ሳያስቡበት የሚገቡበት ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ላላቸው ሌሎች የቤንዚን ፒክአፖችም ይሠራል።

ስህተት አንድ፦ ሳይለኩ መግዛት

ሻጩ «የፋብሪካው የአየር ፊልትሮ ሳጥን ሞተሩን ያፍነዋል» ይላል። ያፍነው ወይም አያፍነው በጥቂት ብር ዕቃ ማወቅ ይቻላል። ሁለት ሜትር ያህል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ይግዙ፤ እንደ ዩ (U) ፊደል አጥፈው፣ ሁለት እግር እንዲኖረው አድርገው ጣውላ ላይ ያጣብቁት፤ እስከ እኩሌታው ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ይሙሉበት። አንዱን ጫፍ በረዥም ቀጭን ቱቦ ከፊልትሮው በኋላ ካለው የአየር መስመር ጋር ያገናኙት፤ ሌላውን ክፍት ይተዉት። ጣውላው ከጎን ከተቀመጠ ሰው እጅ ይሁን። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥና ሞተሩ ከፍተኛ ዙር ላይ ሲደርስ በሁለቱ የውኃ ከፍታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያንብብ። ይህ የሚሠራው ለሌላ ሰው አደጋ በማይሆን፣ ለትራፊክ በተዘጋ ገላጣ ቦታ ላይ ነው። እግሮቹም ረዘም ይበሉ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ውኃውን ይጠጣዋል።

ልዩነቱ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ምን ማለት ነው? በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ከአሥር ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የውኃ ዓምድ ይሸከማል፤ ስለዚህ ሞተሩ ያጣው አየር 2.4 በመቶ ያህል ነው። ከ380 የፈረስ ጉልበት ላይ ሲሰላ ዘጠኝ ይሆናል። ያውም አዲሱ ዕቃ እገዳውን ጨርሶ ቢያጠፋው ነው፤ ጨርሶ የሚያጠፋ ፊልትሮ ደግሞ የለም። ሠላሳና አርባ የፈረስ ጉልበት እንደሚጨምር ተጽፎ ያዩበትን ማስታወቂያ ከዚህ ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከሆነማ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ገንዘቡ ለጎማ ቢውል ይሻላል። ከፍ ያለ ቁጥር ካገኙም በመጀመሪያ አዲስ የወረቀት ፊልትሮ አስገብተው እንደገና ይለኩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሳጥኑ ሳይሆን ውስጡ የቆየው አቧራ ነው።

ስህተት ሁለት፦ ሰፊ መንገድ ከፍቶ ትኩስ አየር ማስገባት

ኮፈኑ ሥር ራቁቱን የተቀመጠ ሾጣጣ ፊልትሮ ለዓይን ያምራል። የሚስበው ግን ከራዲያተሩና ከጭስ ማስወጫው የሚመጣውን ሙቀት ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፦ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 60 ሲወጣ መጠጋጋቱ በ9 በመቶ ይወርዳል። ከላይ እገዳ በማንሳት የተገኘችው 2.4 በመቶ እዚህ ላይ ተበልታ ዕዳ ትሆናለች። የላይትኒንግ ሱፐርቻርጀር አየሩን ሲጨምቀው ይብስ ስለሚያሞቀው፣ ሞቆ የገባ አየር ነዳጁ ያለጊዜው እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል።

ፒክአፑ በአውራ ጎዳና ላይ ሲከንፍ ነፋሱ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሙቀት ስለሚያባርር ልዩነቱ ይጠብባል። የሚብሰው በመብራት ላይ ቆሞ ሲነሣ ነው፤ ባለቤቱ ጉልበት የሚፈልገውም ያን ጊዜ ነው። የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ የተነሡ ማስረጃዎችን ሲያዩ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ፊት ለፊቱም ትልቅ ማራገቢያ ቆሞ እንደሆነ ልብ ይበሉ። በዚያ ሁኔታ የትኛውም ክፍት ፊልትሮ ጎበዝ ነው። የሚመረጠው ዙሪያውን ታጥሮ፣ ላዩ ኮፈኑን በሚነካ ላስቲክ የተዘጋ፣ አየሩንም ከመከላከያው ጎን ወይም ከፊት የሚስብ ሳጥን ነው። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ፊልትሮውን ወደ ጎማው ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ደግሞ ጎርፍ በተኛበት መንገድ ላይ ውኃ ሊስብ ይችላል። ውኃ አይጨመቅምና የሚታጠፈው የፒስተን ዘንግ ይሆናል።

ስህተት ሦስት፦ የቱቦውን ስፋት እንደ ተራ ነገር ማየት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የላይትኒንግ ኮምፒውተር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያውቀው በመስመሩ ላይ በተተከለው የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ውስጥ ባለ አንድ ቀጭን የጋለ ሽቦ ነው። አየሩ ሽቦውን ባቀዘቀዘው መጠን ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይመድባል። ሽቦው የሚያየው በጎኑ የሚያልፈውን ጥቂት አየር ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው የሚሰላው የቱቦው ስፋት ይታወቃል ተብሎ ነው። ሴንሰሩን ከ80 ሚሊ ሜትር ቤት አውጥተው 85 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ቢተክሉት የመተላለፊያው ስፋት በ13 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሽቦው አጠገብ ያለው ነፋስም በ11 በመቶ ያህል ይዘገያል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አሳንሶ ያነባል፤ ነዳጁንም ያሳንሳል።

በዝግታ ሲነዱ ጭስ ማስወጫው ላይ ያሉት የኦክስጅን ሴንሰሮች ስህተቱን እየተከታተሉ ያርሙታል። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ግን ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚተማመነው በአየር ሴንሰሩ ንባብ ላይ ነው፤ ሱፐርቻርጀሩ በሙሉ ኃይሉ የሚገፋውም በዚያች ቅጽበት ነው። ነዳጅ ያጠረው፣ ግፊት የበዛበት ሞተር ፒስተን ያቀልጣል።

ስለዚህ በተቻለ መጠን የፋብሪካውን የሴንሰር ቤት እንዳለ የሚይዝ ዕቃ ይምረጡ። ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የማር እንጀራ የመሰለ መረብ «አየር ይከለክላል» ብለው አያውጡት፤ ሥራው የሚሽከረከረውን ነፋስ ማቃናት ነው። ከገጠሙ በኋላ የኮምፒውተር ማንበቢያ ሰክተው የረዥም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን በስንት በመቶ እያረመ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር) ከድሮው ጋር ያነጻጽሩ። ወደ 5 በመቶ ከሆነ ሰላም ነው። 10 በመቶ ካለፈ ወይም ፒ0171 እና ፒ0174 የሚሉ፣ ነዳጅ ከአየሩ አንሷል ማለት የሆኑ ኮዶች ከወጡ መኪናውን አያስሩጡት፤ ወይ ንባቡ ተዛብቷል፣ ወይ ከሴንሰሩ በኋላ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የግድ ሰፊ ቱቦ ከፈለጉ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም በባለሙያ እስኪስተካከል ይጠብቁ።

ስህተት አራት፦ ፊልትሮን በዘይት ማጥለቅለቅ

ታጥቦ የሚመለሰው የጥጥ ፊልትሮ ዘይት ያስፈልገዋል፤ ግን በልክ። የተረፈው ዘይት በነፋስ ተወስዶ ከጋለው ሽቦ ላይ ይጋገርና ንባቡን ያበላሸዋል። ቀብተው ሲጨርሱ አሳድረው በነጭ ወረቀት ጫን ይበሉት፤ ወረቀቱ ላይ የዘይት ቀለም ካተመ ገና ነው።

በአቧራማ አገር ግን ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ በአብዛኛው ከዘይት ጥጥ የተሻለ ደቃቅ አቧራ ይይዛል። በአሪዞና በረሃ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወይም አገር ቤት በጠጠር መንገድ ለሚመላለስ ፒክአፕ የፋብሪካው ወረቀት ይበልጣል። አገር ቤት ላለ ዘመድ የናፍጣ ፒክአፕ «ጉልበት ይጨምርልሃል» ብሎ ክፍት ፊልትሮ መላክ የቱርቦውን ክንፍና የፒስተን ፋሻውን ለአሸዋ መስጠት ነው።

ስህተት አምስት፦ ሲገጥሙ መቸኮል

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። የተከፈተውን የአየር መስመር ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ስንት ጨርቅ እንዳስገቡም ይቁጠሩ። የሱፐርቻርጀሩ ሁለት ብረቶች እርስ በርስ ሳይነካኩ በጣም ተቀራርበው የሚሽከረከሩ ናቸው፤ የወደቀች ብሎን ስታልፍባቸው ድምፁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰሙት።

ሁሉንም ማሰሪያ በላላ ይዘው ቱቦውን ካስተካከሉ በኋላ ያጥብቁ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እያጠበቁ የሄዱ እንደሆነ መጨረሻው ላይ ቱቦው ተጣሞ ይቀራል። የመገጣጠሚያው የሲሊኮን ላስቲክ ከማሰሪያው ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ ካለ አልፈዋል፤ እየተቆረጠ ነው። ሞተሩ በላስቲክ መቀመጫው ላይ ሲጎተት እንደሚወዛወዝ፣ ሳጥኑ ግን ከአካሉ ጋር የታሰረ እንደሆነ አይርሱ። በመካከላቸው የሚተጣጠፍ ላስቲክ ከሌለ የሚሰነጠቀው ቱቦው ነው። የሞተሩን ትንፋሽ የሚያመጣው ትንሽ ቱቦ መመለሱን ያረጋግጡ፤ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው። ሞተሩ ጥቂት ቀን ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ማሰሪያዎቹን ደግመው ይፈትሹ።

ስህተት ስድስት፦ ጆሮን ማመን

ክፍት ፊልትሮ ይጮኻል፤ የጮኸ መኪና የፈጠነ ይመስላል። ድምፁን ወደውት ከገዙት ምንም ነውር የለበትም፤ ለጉልበት ነው አይበሉ እንጂ። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባደረገው ሙከራ፣ በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ላይ የተዘጋ ፊልትሮ እንኳ የነዳጅ ፍጆታውን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀየረውም፤ የጎዳው ፍጥነት መጨመሩን ነበር።

ስህተት ሰባት፦ ሕጉን ከግዢ በኋላ መጠየቅ

ካሊፎርኒያ ለሚኖር ሰው ዕቃው የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የእርስዎን ሞዴልና የምርት ዓመት መጥቀስ አለበት። ተለጣፊውን የጭስ ምርመራ ባለሙያው ኮፈኑን ሲከፍት በቀላሉ በሚያየው ቦታ ላይ ይለጥፉት። የፋብሪካውን ሳጥንም ከነብሎኖቹ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ምርመራውን ያላለፈ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ፒክአፑን ሊገዛ የመጣ ሰውም ይጠይቅዎታል።