ድሬዳዋ ላይ ነፋስ የማይጥለው ድንኳን እንዴት ይተከላል?

ድሬዳዋ ላይ ድንኳን የሚጥለው ዝናቡ ሳይሆን ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ እያስነሳ የሚመጣው ነፋስ ነው። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ስንተክል የምናስበው ፀሐዩን ብቻ ስለሆነ ዙሪያውን በሸራ እንዘጋዋለን። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ጠንካራ መሬት ምረጡ። የደቻቱ አሸዋ ሰፊ ቢሆንም ካስማ አይዝም፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ጎርፍ ስንቱን ሰው የወሰደ ወንዝ ስለሆነም በክረምት አይሞከርም። ከመብራት ሽቦም ራቁ።

ቋሚዎቹን አቁማችሁ ጣሪያውን ካለበሳችሁ በኋላ ካስማውን ራሱን ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱት፤ ከቋሚው ቢያንስ በቋሚው ቁመት ልክ ይራቅ። ለማሰሪያ እኔ ቃጫ እመርጣለሁ። የፕላስቲኩ ገመድ ርካሽ ቢሆንም ያንሸራትታል፣ ቋጠሮው ሳይታወቅ ይላላል።

አሁን ወደ ጎን ሸራው እንምጣ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስድስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የጎን ሸራ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው የሚያርፍበት ግፊት 23 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ40 ግን 90 ይጠጋል። ለዚህ ነው «እስካሁን ችሏል» የሚለው ንግግር የማያስተማምነው። በጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤም የጀልባ ሰዎች ነፋስ ሲበረታ ትልቁን ሸራ አውርደው በትንሹ የሚሄዱት ይህንኑ ግፊት ለመቀነስ ነው። እናንተም ጣሪያው ተርገብግቦ መጮህ ሲጀምር፣ ገመዱም በጣት ሲነካ እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር፣ ምሳ እየቀረበ ቢሆን እንኳ የጎን ሸራውን አውርዱ። ነፋሱ የሚገባበትን ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትንም ክፈቱ፤ መውጫ ካጣ ጣሪያውን ከታች ያነሳዋል። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ ሸራው የብረት ቋሚዎቹን አንጠልጥሎ አጥር ሲሻገር አይቻለሁ፤ ከሥሩ ሕፃናት ተቀምጠው ነበር።

ከዚህም ካለፈ ሰው አስወጥታችሁ ጣሪያውን አውርዱ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ገመድ መጨረሻ ይፈታ። አስቀድማችሁ ከፈታችሁት ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሁሉንም ይገለብጠዋል። በተቃራኒው በኩል ስትለቁት ግን ሸራው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ግፊቱን ይጥላል፤ ያኔ ጠቅልሉት። ገመድ እጁ ላይ የሚጠመጥም፣ ቋሚ ላይ የሚንጠለጠል ሰው አይኑር።