የሆኪ ተጫዋች በቀነ ገደቡ ወዴት እንደሚሄድ እንዴት ይገመታል?

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ውድድር፣ በናሽናል ሆኪ ሊግ፣ እንደ እግር ኳሱ ዓለም የዝውውር ሒሳብ ተከፍሎ ተጫዋች አይገዛም፤ ክለቦች የሚለዋወጡት ተጫዋቾችን፣ ገና በማደግ ላይ ያሉ ወጣቶችንና የድራፍት ምርጫዎችን (በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየዙሩ በተራ የመምረጥ መብትን) ነው። የዝውውሩ ቀነ ገደብ አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጀመሪያ ላይ የሚውል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተዛወረ ተጫዋች ለአዲሱ ክለቡ በጥሎ ማለፉ መሰለፍ አይችልም።

ግምት የሚጀመረው ከተጫዋቹ ውል ነው። ውሉ በመጪው ክረምት የሚያልቅ ከሆነና ክለቡ ከጥሎ ማለፉ ፉክክር ከወጣ፣ ጁላይ 1 ቀን በነፃ ከሚያጣው ይልቅ አሁን አንድ ነገር ቢያገኝበት ይመርጣል። ቀጥሎ ተጫዋቹ ዝውውርን የመከልከል መብት በውሉ ውስጥ እንዳለውና እንደሌለው ይጣራ። የቺካጎው ፓትሪክ ኬን በ2023 ይህ መብት ሙሉ በሙሉ ስለነበረውና ኒው ዮርክ ሬንጀርስን ስለመረጠ፣ ቺካጎ ገዢዎችን አወዳድሮ ዋጋ የሚያስጨምርበት ዕድል አልነበረውም። በእኔ እምነት ብዙ ግምት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የሚመጣው የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በድምሩ ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው፤ በ2024–25 የውድድር ዓመት ጣሪያው 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክፍያው በየቀኑ ስለሚታሰብ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ጥቂት ክፍተት ያቆየ ክለብ በማርች ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዓመታዊ ደመወዝ ያለውን ተጫዋች መቀበል ይችላል። ሻጩ ደግሞ ከደመወዙ እስከ ግማሽ ድረስ ራሱ ሊሸከም ይችላል። በ2023 ራየን ኦራይሊ ወደ ቶሮንቶ ሲሄድ በጣሪያው ላይ የሚታሰበው ደመወዙ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሴንት ሉዊስ ግማሹን፣ በመሃል የገባው ሚኒሶታ ደግሞ ሩቡን ስለወሰዱ ለቶሮንቶ የቀረው 1.875 ሚሊዮን ብቻ ሆነ፤ ሚኒሶታም ለዚህ አገልግሎቱ የአራተኛ ዙር ምርጫ አገኘ። ሆኖም ከ2025–26 ጀምሮ አንድ ክለብ የተጫዋቹን ደመወዝ በከፊል ከተሸከመ በኋላ ሌላው እስኪሸከም ድረስ 75 የውድድር ዓመት ቀናት ማለፍ ስላለባቸው፣ በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ እንዲህ ያለ የሦስትዮሽ ስምምነትን መገመት ከእንግዲህ ከንቱ ድካም ነው።

ዋጋውን ሲገምቱ ተጫዋቹ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚመጣ ይሁን ወይም ውሉን የሚያራዝም ይለዩ። ካሮላይና በማርች 2025 ሚኮ ራንታነንን ለዳላስ ሲሰጥ ሎጋን ስታንኮቨንን፣ ሁለት የአንደኛ ዙርና ሁለት የሦስተኛ ዙር ምርጫዎችን ተቀበለ፤ ይህ ውድ ዋጋ የተከፈለው ራንታነን ወዲያውኑ የስምንት ዓመትና የ96 ሚሊዮን ዶላር ውል ስለፈረመ ነው። በዚያው ቀን ብራድ ማርሻንድ ውሉ ሊያልቅ በተቃረበበት ሁኔታ ከቦስተን ወደ ፍሎሪዳ የሄደው ግን በአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነበር። ምርጫውም ቅድመ ሁኔታ ነበረውና ፍሎሪዳ በጥሎ ማለፉ ርቆ ሲጓዝ ወደ አንደኛ ዙር ከፍ አለ፤ ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዎችንም በግምት ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው።

ወሬን በተመለከተ፣ ሥራ አስኪያጆች ገበያውን ለማሟሟቅ ሲሉ የሚያስወሩት ስለሚኖር ስም መነሣቱ ብቻውን ብዙም አያስረዳም። ጤነኛ ተጫዋች ከቀነ ገደቡ በፊት በነበሩት ጨዋታዎች እንዳይጎዳ ተብሎ ከሰልፍ ውጭ ሲደረግ ግን ድርድሩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ መድረሱን ያሳያል፤ ያን ጊዜ የቀረው ጥያቄ በጣሪያው ሥር ቦታ ያለው የትኛው ክለብ ነው የሚለው ብቻ ይሆናል።