ስትራቴጂውን በጀት ውስጥ ማስገባት

ባለፈው ዓመት በጀት እያንዳንዱ መደብ ላይ 5 ወይም 10 በመቶ ጨምሮ አዲስ በጀት ማውጣት ሥራ ያቀላል። ግን እንዲህ የተሠራ በጀት የሚያስቀጥለው የአምናውን ሥራ ነው። ዘንድሮ የወጣው ስትራቴጂ የራሱ መደብ ስለሌለው ከሌላው የተረፈውን ይጠብቃል፤ የሚተርፍ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወጪውን ለዩ። ደመወዝ፣ ኪራይና ጥገና የሥራ ማስኬጃ ናቸው። አዲስ አገልግሎት ለመጀመር፣ አሠራር ለመቀየር ወይም ሠራተኛን በአዲስ ሙያ ለማሠልጠን የሚወጣው የስትራቴጂ ወጪ ነው፤ በሒሳብ መዝገቡም ለብቻው መደብ ይከፈትለት። የሥራ አመራር ጸሐፊዎቹ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን ይህን ከሥራ ማስኬጃና ከካፒታል (ለሕንፃ፣ ለመሣሪያና ለመሰሉት ከሚያዘው) በጀት ለይተው እንዲያዝ ያሳሰቡት በምክንያት ነው፦ ገቢ ሲቀንስ ቀድሞ የሚቆረጠው ሥልጠናና ጥናት ነው። ኪራይ ካልተከፈለ አከራዩ በማግስቱ ይደውላል፤ ሥልጠና ቢቀር ማንም አይደውልም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በአንድ ገጽ የሚጠበቀውን ውጤት፣ አንድ ተጠያቂ ኃላፊ (ኮሚቴ አይሆንም) እና ሙሉ ወጪውን ጻፉ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ነው፦ የሶፍትዌር ዓመታዊ ፈቃድ፣ ጥገና፣ ሥራውን የሚይዘው ሠራተኛ ደመወዝ። ይህ ለቀጣዮቹ 3 ዓመታት ካልተሰላ የዘንድሮው ፕሮጀክት የከርሞውን ማስኬጃ ይበላል።

ከገንዘብ ይልቅ የሚያጥረው ግን የሰው ሰዓት ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች እንበል። 30ው መደበኛ ሥራ፣ 4ቱ ስብሰባ ከሆነ የሚቀራት 6 ሰዓት ነው። 120 ሰዓት የሚፈልግ ፕሮጀክት በወረቀት 3 ሳምንት ይመስላል፤ እሷ ዘንድ 20 ሳምንት ይፈጃል። ሦስት እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች እኩል ከተካፈሏት እያንዳንዱ 60 ሳምንት! መፍትሔው ፕሮጀክቶቹን በቅደም ተከተል ማስያዝ ወይም ከ30ው ሰዓት የተወሰነውን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። «ጎን ለጎን ትሥራው» ማለት ምደባ አይደለም።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትልቀቁ። ለሙከራ የሚበቃውን ስጡና ቀሪውን አስቀድሞ ከተጻፈ ውጤት ጋር እሰሩት። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን መጠባበቂያ ያዙ፤ ቁልፉ ግን ከፕሮጀክት ኃላፊዎች እጅ ይራቅ።

ያልተጠቀመበትን ገንዘብ የመለሰ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ የሚቀነስበት ከሆነ፣ በመጨረሻው ወር ወንበርና ፕሪንተር መግዛቱ አይቀርም። ትርፉን በዓመቱ አጋማሽ የመለሰ እንደማይቀነስበት በጽሑፍ አሳውቁ።

በየሩብ ዓመቱ የሚደረገው ግምገማ «ስንት ወጣ?» ብሎ አይቁም፤ «የትኛውን እናቁም?» ብሎም ይጠይቅ። እስካሁን የወጣው ተመልሶ አይመጣም፤ የሚመዘነው ለመጨረስ የሚቀረው ወጪና የሚገኘው ጥቅም ነው። አንዱ ሲቆም በጀቱን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም በዚያው ሳምንት አዛውሩ፤ አለዚያ የቆመው ፕሮጀክት ስብሰባ ይቀጥላል።