የአገልግሎት ሂደት ካርታ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለጉዳይ ከመሥሪያ ቤቱ በር ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪወጣ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በካርታ ማስቀመጥ፣ እንግልቱ የት እንደሚፈጠር ለይቶ ለማረም ይረዳል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም ቢፒአር ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ሞክረውታል፤ በስህተት የተሠራ ካርታ ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ ወረፋ አያሳጥርም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጦ ካርታውን ከመመሪያው መገልበጥ ነው። መመሪያ መሆን የሚገባውን እንጂ የሚሆነውን አይናገርም። በአንድ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ በተመደብኩበት ጊዜ፣ በወረቀት ላይ ሦስት መስኮትና 20 ደቂቃ ብቻ የሚጠይቀውን አገልግሎት ለማየት አንዲት እናትን አስፈቅጄ ከበሩ ጀምሮ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያው መስኮት የመታወቂያ ኮፒ ስለጠየቃቸው አስፋልት ተሻግረው ኮፒ አስደረጉ፤ ሲመለሱ ወረፋውን እንደ አዲስ ያዙ፤ ሦስተኛው መስኮት ሲደርሱ ደግሞ «እናቴ፣ የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ከሰዓት ይመለሱ» ተባሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ ዳግመኛው ወረፋም፣ ስብሰባውም በእኛ ካርታ ላይ አልነበሩም፤ የእኚህን እናት ቀን የበሉት ግን እነሱ ነበሩ።

ሠራተኛው የሚሠራበትን ደቂቃ መዝግቦ ባለጉዳዩ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥበትን መዝለልም የተለመደ ስህተት ነው። ጥበቃን ለመለካት እያንዳንዱን ሰው ሰዓት ይዞ መከታተል ግድ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ባረጋገጡት ሕግ መሠረት፣ ፍሰቱ በተረጋጋበት (የሚገባውና የሚወጣው ሰው በአማካይ በተመጣጠነበት) ቦታ ሁሉ፣ በአዳራሹ ያለው አማካይ የሰው ቁጥር በሰዓት ለሚስተናገደው ሲካፈል አማካይ ቆይታውን ይሰጣል። በአማካይ 60 ሰው ባለበትና በሰዓት 30 ሰው በሚስተናገድበት አዳራሽ፣ አንድ ባለጉዳይ በአማካይ 2 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው።

ሦስተኛው ስህተት ከመስኮቱ ፊት ያለውን ብቻ መሣል ነው። የባንክ ባለሙያ የነበሩት ሊን ሾስታክ በ1984 እ.ኤ.አ. «የአገልግሎት ንድፍ» የተባለውን የሂደት ካርታ ሲያስተዋውቁ ለማሳያነት የተጠቀሙት የሊስትሮን ሥራ ነበር፤ ደንበኛው የሚያየውን ከማያየው በመስመር ለዩ፣ እንደ ቀለም መሳሳት ያለ ጥፋት ሊደርስ የሚችልበትንም ነጥብ ምልክት አደረጉበት። በእኛም ዘንድ «ሲስተም የለም» ወይም «ፋይሉ አልተገኘም» የሚለው መልስ የሚሰማው መስኮቱ ላይ ቢሆንም፣ ምንጩ ያለው መዝገብ ቤቱ ወይም የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ነው።

የማያስፈልግን ደረጃ ሳይሰርዙ ወደ ኮምፒውተር ማዛወርም ምልልሱን ከነችግሩ ማቆየት ነው።

ካርታውን የጥፋተኛ መፈለጊያ ማድረግ ደግሞ እውነቱን ያሸሻል፤ ሠራተኛው የሚቀጣ ከመሰለው መመሪያውን እየጠቀሰ ይመልሳል። የመጀመሪያውን መስኮት ሠራተኛ ስለ ኮፒው ስጠይቀው መጀመሪያ ላይ «መመሪያ ነው» ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ስሙ በሪፖርቱ እንደማይጠቀስ ካረጋገጥኩለት በኋላ፣ ኮፒው ይያያዝበት የነበረው ወርኃዊ ሪፖርት ከቆመ መቆየቱን ነገረኝና ከጠረጴዛው ሥር የተከመሩትን ካርቶኖች አሳየኝ።