የመኪና ሪሞት እምቢ ሲል፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ክፈቱት

ባለፈው ክረምት ከዘጌ ስንመለስ፣ ከጀልባ ልወርድ ጎንበስ ስል የመኪናዬ ቁልፍ ከሸሚዝ ኪሴ ሾልኮ ደንገሉ ሥር ገባ። ውሃው ከጉልበት አይዘልም። ጀልባ ነጂው ልጅ ጭቃውን ዳብሶ አወጣልኝና "ጋሼ፣ ባትሪውን ቶሎ ያውጡለት" አለኝ። ቤት ስደርስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሪሞቱን ስጫነው ዝም አለ። በሩን በብረቱ ከፈትኩ፤ ሞተሩ ግን እንደ ወትሮው ተነሳ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁልፍ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ በር የሚከፍተው ሪሞት ነው፤ ባትሪ ይፈልጋል። ሌላው ሞተር እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም። ስለዚህ መኪናው ተነስቶ በሩ ብቻ እምቢ ካለ ቺፑ ደህና ነው። "ሙሉ ቁልፉ ይቀየር" ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። እኔንም አንድ ሱቅ ሳይከፍቱት እንደዚያ ብለውኛል።

ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩት። ሁለቱም በር ካልከፈቱ ችግሩ የመኪናው ሊሆን ይችላል፤ ሪሞቱን ከመንካታችሁ በፊት ፊውዙንና የመኪናውን ባትሪ አሳዩ።

ከቅርብ ይሠራል፣ ከሩቅ አይሠራም

ባትሪው ደክሟል። የድሮውን አውጥታችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ነው። ቁጥሩ ልኩን ይናገራል፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ሱቅ ውስጥ "ያው ነው" ብለው 2025 ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ስፋቱ ያው ሆኖ ስለሚሳሳ መያዣው ውስጥ ይላላል። ቴስተር ካላችሁ ለኩት። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ከ2.8 በታች ከወረደ ቀይሩት።

የወጣውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላል።

አዲስ ባትሪ ገብቶም ዝም ይላል

የመደመር ምልክቱ በትክክለኛው ጎን መሆኑን እዩ። ከዚያ ባትሪውን የሚነኩትን ትንንሽ ብረቶች ተመልከቱ። ተጋድመው ከሆነ በወረንጦ ቀስ አድርጋችሁ ቀና አድርጓቸው። አንዳንድ መኪና ደግሞ ባትሪ ሲቀየር ሪሞቱን ይረሳል፤ እንደገና የሚተዋወቁበት መንገድ የመኪናው መመሪያ ላይ አለ።

ውሃ ገብቶበታል

ለሐይቅ ዳር ሰው ዋናው ይሄ ነው። ሪሞትን የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም። ውሃና ባትሪ ሲገናኙ በቦርዱ (ትንንሾቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በተሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ኤሌክትሪክ ያለቦታው ይሄዳል፤ ብረቱን የሚበላው ያ ነው። ልጁ "ቶሎ" ያለኝ ለዚህ ነበር። በማግስቱ ስከፍተው የባትሪው መያዣ ሥር አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል።

ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት። ፎገራ ቅርባችን ስለሆነ ሩዝ አይጠፋም፤ ግን ሩዝ ጭቃውንም ዝገቱንም አያወጣም። የሚያድነው ማጠብ ነው። ባትሪውን አውጡ፤ ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በቀጭን ካቻቢቴ ከስንጥቁ ፈልቅቁ፤ ቦርዱን ለብቻው አውጡ። ከፋርማሲ አልኮል ግዙ። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ ይበዛበታል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በአልኮሉ ነክራችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ እያላችሁ ቦርዱን ቦርሹ። አረንጓዴው ብሩሹ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። በንጹሕ አልኮል ደግማችሁ እጠቡት። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ከሆነ ቀሪው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ወይም ምጣድ አጠገብ አታስጠጉት፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። የእኔ በሁለተኛው ቀን አዲስ ባትሪ ሲገባለት የመጀመሪያው ጠቅታ ላይ በሩን ከፈተ። እስከ ዛሬ ይሠራል።

አንዱ በተን ብቻ እምቢ ይላል፣ ወይም ጠንክረው ሲጫኑት ብቻ ይሠራል

በብዛት የሚያረጀው "ክፈት" የሚለው ነው። ከፍታችሁ ቦርዱ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ሁለት ዓይነት ነው።

ጎማው ሥር ጥቁር ክብ ነጥብ ካለ፣ ነጥቡ ቆሽሿል ወይም ተፍቋል። በአልኮል ጥረጉት። ካልዳነ ከአልሙኒየም ፎይል የነጥቡን ያህል ቆርጣችሁ በጣም በጥቂት ማጣበቂያ ለጥፉበት። ማጣበቂያው የፎይሉን ፊት ከነካ አይሠራም።

ቦርዱ ላይ "ጠቅ" የሚል ትንሽ ስዊች ካለ ደግሞ በእንጨት ጫፍ ቀጥታ ተጫኑት። እንዲያ ሲጫኑት ከሠራ የተበላሸው ከላይ ያለው ጎማ ነው፤ ባዶ ቅርፊት መግዛት ይበቃል። ስዊቹ ራሱ ከሞተ ተነቅሎ ሌላ ይገባለታል። የመበየጃ ካውያና ሊድ (ቀልጦ ዕቃውን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) የለመደ እጅ ካላችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ካልሆነ ቦርዱን ብቻ ይዛችሁ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ሂዱ፤ ለእነሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከወደቀ በኋላ ተወ

ሊዱ የተሰነጠቀበት ቦታ ይኖራል። በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ የስዊቹንና የባትሪ መያዣውን እግሮች እዩ። እግሩን የከበበ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ከታየ እዚያው ነው፤ በካውያ ትንሽ ሲሞቅ ይያያዛል። እግሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው ዝም ካለ ግን ክሪስታሉ (የሪሞቱን የሬዲዮ ሞገድ ልክ የሚጠብቀው ትንሽ ዕቃ) ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። እሱን ለባለሙያ ስጡት።

ቅርፊት ተቀይሮ ሞተር አልነሳም

ቺፑ አሮጌው ቅርፊት ውስጥ ቀርቷል። በብዙ ቁልፎች ላይ የባቄላ ክክ የምታክል ጥቁር ቁራጭ ናት፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የመሰለች ብርጭቆ። ጥግ ላይ ተሰክታ ስለምትቀመጥ በቀላሉ አትታይም። በወረንጦ አውጥታችሁ አዲሱ ቅርፊት ውስጥ በዚያው ቦታዋ አስገቧት። አሮጌው ቅርፊት ከቆሻሻ ጋር ወጥቶ ከሆነ የቆሻሻ መኪናው ሳይወስደው ሩጡ።