ነታንያ ቤት ስታዩ ባላታውን ቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከመርከዝ ክሊታ፣ እስራኤል አዲስ ገቢዎች ከሚያርፉበት ማእከል፣ ደወለችልኝ። «ነታንያ ሦስት ክፍል ቤት አገኘን! ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ፣ እኛም ለብቻ» አለች። ደስታዋን ማቀዝቀዝ ከበደኝ። እዚህ አገር ሦስት ክፍል ማለት ግን ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ይቆጠራል፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አይቆጠሩም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤተሰቡን ለክፍሉ አካፍሉት። እነሱ ስድስት ናቸው፤ በክፍል ሁለት ሰው ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ቢሮውም የቤት ውስጥ መጨናነቅን የሚለካው እንዲሁ ነው። እኛ ግንቦት 1983 በዘመቻ ሰለሞን መጥተን፣ ከካራቫን፣ ከጊዜያዊው ተጎታች ቤት፣ ወጥተን የገባንበት ሺኩን ሦስት ክፍል ነበር። ሺኩን የድሮ ዝቅ ያለ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ነው። ስምንት ነበርን። አያቴ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ትወጣ ነበር፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ባላታ ቁጠሩ። ባላታ የወለሉ ንጣፍ ነው። የድሮዎቹ ሺኩኖች ላይ ባብዛኛው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አምስቱ አንድ ሜትር ይሆናል። ሜትር አውጥታችሁ ደላላውን ማስቀየም አያስፈልግም፣ ዝም ብላችሁ እየተራመዳችሁ ቁጠሩ። እኔ ልጆች ወልጄ የተከራየሁት ቤት መኝታው 14 በ15 ባላታ ነበር፣ 2.80 በ3 ሜትር። ደላላው «አስር ካሬ» ብሎኝ ነበር፤ ስምንት ተኩል እንኳ አይሞላም። ያኔ አልቆጠርኩም። አልጋዎቹ ርዝመታቸው አስር ባላታ፣ ከግርጌ በኩል ያለው ቁም ሳጥን ሦስት ባላታ። መሐል የቀረው ሁለት ባላታ ነው። የቁም ሳጥኑ በር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አያውቅም። ልጆቹ ልብስ የሚያወጡት አልጋ ላይ ቆመው ነው። ወለሉ በትልልቅ ሴራሚክ ከተቀየረ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ያኔ ሜትር ያዙ።

ሕንጻው ስለረዘመ ብቻ ሰው ታጭቆበታል አትበሉ። ዘመን አመጣሽ ፎቆች በአንድ ዱናም፣ ማለትም በ1000 ካሬ ሜትር መሬት ላይ፣ ብዙ ቤት ይደረድራሉ። ውስጣቸው ግን አንዳንዴ ባዶ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሂዱና ቀና በሉ፤ ስንት መስኮት ጨለማ እንደሆነ ታያላችሁ። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ከፈረንሳይ በጋ በጋ የሚመጡ ናቸው። አራት ፎቅ ያለው ሺኩን ጋ ስትመለሱ ሁሉም መብራት በርቷል። ባት ያም የምትባለው ከተማም እንደዚያው ናት፤ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከ120 ሺህ ሰው በላይ ይኖራል፣ ብዙው በድሮ ሕንጻ።

መግቢያው ላይ የፖስታ ሳጥኖቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ የመብራት ቆጣሪዎቹን። በአንድ ሳጥን ላይ ሦስት አራት ስም ከተለጠፈ አንዱ ቤት ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ምሰሶዎቹንም እዩ። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች በምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ሥሩ መኪና ይቆማል። የባሕሩ ጨዋማ አየር ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፣ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ቡናማ ብረት ፍጥጥ ብሎ ከታያችሁ ቀለም አያታልላችሁ። መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ አዲስ ነጭ ቀለም ብቻውን ካየሁ ደግሞ ሻጋታ ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

ከእ.ኤ.አ. 1992 ወዲህ የተሠሩ ቤቶች ማማድ ሊኖራቸው ይገባል፤ ግድግዳው ወፍራም ሲሚንቶ የሆነ መጠለያ ክፍል። በሰላም ቀን ልጅ ይተኛበታል፣ እንደ ክፍልም ይቆጠራል። በድሮው ሺኩን ግን ሲረን ሲጮህ ደረጃ ወርዶ ወደ ሚቅላት፣ ወደ ጋራ መጠለያው፣ ነው፤ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቡ። ሺኩኑ ሊፈርስና ፎቅ ሊሠራበት ታስቦ እንደሆነም ጎረቤት ጠይቁ። አዲሱን ቤት የሚያገኘው ባለቤቱ ነው፣ ተከራይ ይወጣል።

ኪራዩ ላይ አርኖና፣ የማዘጋጃ ቤት ግብር፣ ይጨመራል፣ የሚሰላው በካሬ ነው። ፎቁ ላይ ሊፍቱና ሎቢው ስላለ ቫድ ባይቱም፣ ለሕንጻው የጋራ ወጪ የሚከፈለው፣ ይከብዳል።

ምጣዱን እንዳልረሳ። ክረምት ላይ ፀሐይ ሲጠፋ የውሃ ማሞቂያው በመብራት ነው። እሱንና ምጣዱን አንድ ላይ ስትለኩሱ ቆጣሪው ከዘለለ እንጀራችሁ ግማሹ ጥሬ ነው። ባለቤቱ ቆሞ ሳለ ሁለቱንም አብሩ።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ተመልሳ ሄዳ ነበር። ከዚያው ሆና ደወለች። «13 ላይ ስደርስ ሕፃኑ ቁጥሩን አጠፋብኝ፤ ደላላው ጫማዬ ጠፍቶኝ የምፈልግ መስሎታል» አለችና ዘጋችው።